ከእንግዲህ እንክብል አትላኪላት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? ያቺ ምላሰኛ ልጅሽስ ደህና ናት? ጉልበቴን ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? እኛ ሁላችንም አለን። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው።

አክስታችን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። "ልጄ በሰው አገር ሆና ትጨነቃለች" ብላ አስምላኝ ነው ዝም ያልኩሽ።

መጀመሪያ ሽንቷን ሲያቃጥላት ለእኔ እንኳ አልተናገረችም። አንቺ ከላክሽላት እንክብል አንዳንድ እያነሳች ዋጠች፤ ቀለል ሲላት ተወችው፤ ሲመለስባት ደግሞ ጀመረችው። ጎኗን ወግቶ ትኩሳት ሲጥላት ነው ደግፈን የወሰድናት።

ሽንቷ የመጣው እኔው ወደምሠራበት ላቦራቶሪ ነው። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ጀርሙን ሳህን ላይ እናሳድግና መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጥበታለን። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ያለው ጀርም ሞቶ ባዶ ቦታ ይታያል። በማግስቱ ሳህኑን ስከፍት ጀርሙ ምንም ሳይፈራ ወረቀቶቹ ጥግ ድረስ ተንሰራፍቷል። ከሁሉም አንዱ ብቻ፣ በደም ሥር የሚሰጠው፣ ዙሪያውን አጽድቷል። ሳህኑ ላይ የተጻፈውን ስም ደግሜ አየሁት፤ የሌላ ሰው በሆነ ብዬ ተመኘሁ። የሌላ ሰውስ ቢሆን ሰው አይደለም ወይ? አፈርኩ።

የሚገርምሽ፣ ይህ ጀርም ባዕድ አይደለም። በሁላችንም አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖር ነው። መድኃኒቱን በሆነ ባልሆነው ስንውጠው ግን ደካማው ይሞትና ጠንካራው ይቀራል፤ የተረፈው ይባዛል፤ ብልሃቱንም አጠገቡ ላለው ያካፍላል። ይህን ለአክስታችን ስነግራት፣ መርፌው ክንዷን አበልዞት እያለ፣ "አብልቼ አጠጥቼ ጡንቻ አወጡብኝ በይኛ!" ብላ ክፍሉን ሁሉ አሳቀችው።

አሁን ድናለች፤ ብቻ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ አረፍ ትላለች።

እህቴ፣ በፍቅር እንደላክሽው እሷም እኔም እናውቃለን። ርቀሽ ምን ታድርጊ? ግን በሞቴ፣ ከእንግዲህ አትላኪላት። "ልጄ የላከችልኝ" እያለች ለጎረቤቱም ስታድል ነው የከረመችው።

ሌላም አለ። እንዲህ ያለው ጀርም በእኔም ሽንት ተገኘ። አላመመኝም፤ ለሌላ ጉዳይ ስመረመር ነው የታየው። ባልደረባዬ ሳህኑን ስታሳየኝ ሆዴን ይዤ ቆምኩ። ሐኪሟ "ይሄ በዚህ ጊዜ አይሰጥም፤ ያኛውም አይሆንም" እያለች ብዙ ካሰበች በኋላ አንድ አገኘችልኝ። እስከ መጨረሻው ወሰድኩት። ትናንት ሽንትሽ ንጹህ ነው ተባልኩ። ያ ዝምተኛው ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንጀቴ ውስጥ ግን ጀርሙ አሁንም ሳይኖር አይቀርም። ለማን ምን እንደማወርስ ሳስብ እውላለሁ።

ፈቃድ ሲሰጡሽ ነይልኝ። አክስታችን ምስጢሬን ለማንም አልናገርም ብላ ምላለች፤ ሰሞኑን ግን ሹራብ ጀምራለች፤ እጅጌው ከሁለት ጣቴ አይሰፋም።

ጤና አይጉደልብሽ፤ ቤትሽን ሳቅ አይለየው።

የምትናፍቅሽ ታናሽሽ