ስለተሰረዘችው መስመር ለክቡር ሥራ አስኪያጁ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥር 5 ቀን 2002 ዓ.ም.
አዳማ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ እንዴት ከርመዋል? እኔ ልጄን ከቀበርሁ አርባው አልፏል። እርስዎን ግን ፈጣሪ በሙሉ ጤና ያቆይልን፤ ቢታመሙ የሚገቡት በራስዎ ሆስፒታል ነውና ከልቤ እሰጋለሁ። ስምዎንና የሆስፒታሉን ስም ያልጻፍሁት ክብርዎን ጠብቄ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ እጄ ይዘገያል፤ ይታገሡኝ።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ዓለም ጤና ከተማ እህቴ ዘንድ ሽንኩርት ስንለቅም፣ የልጄ የሥራ ባልደረባ ኑሬ ደውሎ ገሠሠን ትንሽ አሞታልና ይምጡ አለኝ። በሚኒባስ አዳማ ስደርስ ደጄ ላይ ድንኳን ተተክሏል። መርዶውን የነገረኝ ድንኳኑ ነው።

ልጄ ገሠሠ ተክለሃይማኖት የሆስፒታልዎን የካርድ ክፍል ፕሮግራም ጃቫ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የሠራ ሰው መሆኑን ያውቃሉ። ኑሬ ሁለት ወረቀት ዘርግቶ እንዳስረዳኝ፣ ከፕሮግራሙ ጋር ዌብ ኤክስኤምኤል የሚሉት አንድ የመግለጫ ፋይል አለ። የትኛው አድራሻ ወደ የትኛው ሥራ እንደሚመራ፣ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚከለከል፣ ሥራው ሲሰናከልም የትኛው ገጽ እንደሚታይ ሰርቨር ለሚሉት ዋና ማሽን የሚነግረው እሱ ነው። ፕሮግራሙን ሳይነኩ ይህን ፋይል ብቻ ለውጦ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት ይበቃል። ልጄ እንዲህ ያዘጋጀው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሠራተኛ እንዲቀለው ነበር፤ ለእርስዎም ይህን ያህል ይቀልልዎታል ብሎ አላሰበም።

ጊዜዎ ውድ ስለሆነ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ልጄ ማሽኑ ሲቆም «ማሽኑ አልሠራም። ሕመምተኛውን አትመልሱ፤ በወረቀት ካርድ ተቀብላችሁ ወደ ሐኪም አስገቡ» የሚል ገጽ እንዲወጣ በመግለጫው ውስጥ አንድ መስመር ጽፎ ነበር። ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊጎበኙ በመጡ ዕለት ይኸው ገጽ በፊታቸው ወጣና እርስዎ አፈሩ። ልጄ ለውጠው ሲሉት በጽሑፍ እምቢ ስላለዎት ወደ ንብረት ክፍል አዛወሩት፤ ኑሬን አዘውም መስመሯን አሰረዙና «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ገጽ አስገቡ። ስለ ጨዋነትዎ አመሰግናለሁ። በደርግ ጊዜ ወንድሜን ፍለጋ ቀበሌ ስመላለስ ጠብቂ ይሉኝ የነበሩት ሰዎች «እባክሽ» አይጨምሩም ነበር።

ሁለተኛ፤ የወረቀት ካርዶቹን ቁም ሳጥን ቆለፉ፤ ማሽኑ ያልመዘገበውን ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ያሳለፈ ሠራተኛ ከሥራ ይሰናበታል ብለው ፈረሙ፤ ቁልፉን በኪስዎ ይዘውም ለስብሰባ ሄዱ። ወረቀት አጠባበቅዎን ማንም አይነቅፈውም።

ሦስተኛ፤ ልጄ አስሙ ተነሥቶበት በባጃጅ ሲደርስ ማሽኑ ቆሞ ነበር። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ዘርፉ ስሙን ብታስገባ ይጠብቁ አላት፤ ፊርማዎን ፈርታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። ሐኪሙ ከግድግዳው ወዲያ ነበር። አርባ ደቂቃ ጠበቀ። መናገር ሲያቅተው በጣቱ ማሽኑን እየደጋገመ ያሳያት እንደነበር፣ እሷም ለሥራው የተጨነቀ መስሏት «ገሤ፣ ዛሬ እንኳ ሥራውን ተወው» እንዳለችው እያለቀሰች ነግራኛለች። የተሰረዘችውን መስመር ነበር የሚያሳያት።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ለቀብሩ የላኩት አበባ ደርሶኛል። በሳምንቱ የላኩትን ደብዳቤም ቀስ ብዬ፣ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ሥርዓቱ እንደተዋቀረው ሠርቷል፤ ያዋቀሩትም ሟቹ ራሳቸው ናቸው» ይላል። ኑሬ ግን የልጄን መግለጫና የእርስዎን፣ ያዘዙበትንም ማስታወሻ ጨምሮ ሰጥቶኛል። ሲሰጠኝ «እማማ፣ በእጄ የለወጥኩት እኔ ነኝ» ብሎ ግንባሩን ጉልበቴ ላይ ደፋ። እሱ በእጁ የሠራውን አመነ፤ ክቡርነትዎ በፊርማዎ ያዘዙትን ለሬሳ አሸከሙ።

የምለምንዎ ካሣ አይደለም። መስመሯን ይመልሱ፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ለዘርፉ ይስጡ፣ የልጄን ስም ያጎደፉበትን ደብዳቤ በፊርማዎ ይሻሩ። ኑሬ እንደሚለው መስመሯን ለመመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ልጄ አርባ ሰጥቶዎት ነበር።

ለዘመናዊነትዎ እጅ እየነሣሁ፣ ረጅም ዕድሜና ጤና፣ በተለይም ጤና እየተመኘሁልዎ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ላልረሳዎት ቃል የምገባ፣

የገሠሠ እናት
ሸዋወርቅ ነጋሳ

ማሳሰቢያ፤ የልጄን መስመር፣ «ሕመምተኛውን አትመልሱ» የምትለውን፣ ኑሬ በትልልቅ ፊደል አትሞልኝ ዛሬ ጠዋት በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ በዱቄት ሙጫ ለጥፌያታለሁ። እሷን ለማንሣት ሰርቨር ማጥፋት አያሻም፤ ክቡርነትዎ ወርደው፣ በተሰለፉት ሕመምተኞች ፊት፣ በገዛ እጅዎ መቅደድ ብቻ ነው። እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ ደግሞ፣ በዚያ መስኮት ስታልፉ ልጄን በክርስትና ስሙ ኃይለየሱስ ብላችሁ ጥሩትና ነፍስ ይማር በሉልኝ።