ወጣት ለመሳብ ስለተሰናበቱት የሕሙማን ጠያቂ

ለተከበረው የቤተ ክርስቲያናችን የሠራተኛ ቅጥር ኮሚቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ብትታመሙ የሚጠይቃችሁን ሰው ራሳችሁ ስላሰናበታችሁ፣ ጤናችሁን አጥብቃችሁ እንድትጠብቁ ከልብ እመኛለሁ።

ዘመኑን በዋጀው አዲሱ አሠራራችሁ መሠረት፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕሙማንን የሚጠይቁትን እትዬን አሰናብታችሁ በቦታቸው የወጣቶች ባህል አስተባባሪ መቅጠራችሁን ሰምቻለሁ። ይህ ሁሉ ለወጣቱ ሲባል ነው ብላችኋል። እኔም ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነውና፣ ስለ እኔ ይህን ያህል ተደክሞ ዝም ማለት ነውር መስሎ ታየኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቅጥር ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። ዕድሜው ከሠላሳ በታች የሆነ፣ ካሜራ የማይፈራ፣ ከወቅቱ ጋር የሚራመድ ይላል፤ የታመመ ሰው አጠገብ መቀመጥ የሚችል የሚለው ግን በስህተት እንኳ አልገባበትም። እትዬማ እንኳን ካሜራ፣ የገዛ ስልካቸው ሲጠራም ይደነግጣሉ።

ሁለተኛ፣ አስተባባሪው ቤታችን ድረስ ስለመጣልን አመሰግናለሁ። አባቴ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለውና አንደበቱ ከተያዘ ቆይቷል። አስተባባሪው፣ ዕድሜ ይስጠው፣ የቪዲዮ መብራቱን አልጋው ግርጌ ተክሎ አባቴ ለቤተ ክርስቲያናችን የቪዲዮ ተከታዮች አንድ ቃል እንዲናገር ጠየቀው። መናገር እንደማይችል ብነግረው ጊዜ፣ እንግዲያው አውራ ጣቱን ያንሳልን አለ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ቪዲዮው ላይ ግን ፈገግ ብያለሁ አሉ።

ሦስተኛ፣ የእትዬ ሥራ ውጤቱ አይለካም ማለታችሁ እውነት ነው። እሁድ ጠዋት መጥተው የአባቴን እጅ ይዘው የሰፈሩን ወሬ፣ ሐሜቱን ጨምሮ፣ ከማውራት በቀር ምንም አይሠሩም ነበር። ከውጭ ስመለስም አባቴ በደህናው የከንፈሩ ጎን ሲስቅ አገኘው ነበር። እሳቸው ከቀሩ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም፤ ይህንንም በምን እንደምትለኩት አላውቅም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ንዴቱ አስረሳኝ። ብቻ በወጣት አምላክ፣ እትዬን መልሱልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ብዙ የታሰበላት፣ አንዴም ያልተጠየቀች ወጣት ምእመናችሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እሁድ እሁድ ለምን እንደጠፋሁ አስተባባሪው በስልክ መልእክት ጠይቆኛል፤ ስላሰበኝ አመስግኑልኝ። እኔ ቤተ ክርስቲያን እመጣ የነበረው እትዬ አባቴ ዘንድ ስለሚቀመጡልኝ ነበር። አሁን እሱ ዘንድ የምቀመጠው እኔ ነኝ።