ያነበብኩላቸው ሌላ ነው

ሄሮን ኮቭ፣ ኮነቲከት
ጁላይ 29 ቀን 1779

ለውድ ባለቤቴ ለኤሊፋሌት፣

እንዴት ከረምክ? እኔም ልጆቹም ደህና ነን። ፊላደልፊያ ምክር ቤት ተቀምጠህ ስለ እኛ እንቅልፍ እንዳጣህ ስለማውቅ ደጉን ላስቀድም፤ ስንዴው ገብቷል፣ ጎረቤት ከተሞችን ያቃጠሉት የእንግሊዝ መርከቦችም እኛን ሳይነኩን ሄደዋል።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ደብዳቤህ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለህ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ሰዉ ሳሎናችንን ይሞላል፤ ማኅተሙን ፊታቸው ሰብሬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ቀድሜ ባየው ደበቀችን ይሉኛል። የመጨረሻው ደብዳቤህ የደረሰን ዕለትም እንደ ልማዴ ጀመርኩ። "ወታደር አይደርስላችሁም፤ ሁሉን ትታችሁ ሽሹ" የሚለውን ዓይኔ ቀድሞ አየው፤ ከአፌ ግን አላወጣሁትም። ስንዴው እኮ ገና ማሳ ላይ ነበር። ጥለነው ብንሸሽ ክረምቱን ምን ልንበላ ነው? ቀና ስል መበለቲቱ ታማር አራት ልጆቿን ይዛ አፍ አፌን ታያለች።

እናም ያልጻፍከውን አነበብኩ። ልጆችና አቅመ ደካሞች ዛሬውኑ ወደ ገጠር ዘመድ ይሂዱ፣ ኮረብታው ላይ ጠባቂ ይቁም፣ የቀረው ጠመንጃውን አጠገቡ አድርጎ ይጨድ አልኩ፤ በአንተ ስም። አጨዳው በዘጠኝ ቀን አለቀ። መርከቦቹ ሁለት ቀን ፊት ለፊታችን ቆመው ነፍሳችንን ካስጨነቁ በኋላ በሦስተኛው ሄዱ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ትናንት ዲያቆን ኦባዲያ አጥራችንን ተደግፈው፣ "ኤሊፋሌት ማጭድ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። ስለ አጨዳ እንዲህ የተራቀቀው ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉኝ።

"ፊላደልፊያ ሰው ይለውጣል" አልኳቸው።

"እንግዲያው ወረቀቱን ደህና አድርገሽ ደብቂው" ብለውኝ ሄዱ።

ስትመጣ ሰው ሁሉ እያመሰገነ ይጨብጥሃል፤ አደራህን፣ ዝም ብለህ ተቀበል። መቆጣት ካለብህም ለብቻችን ስንሆን ተቆጣኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። መጨረሻው ላይ፣ "ባለቤቴ ሆይ፣ ካንቺ ርቄ የዋልኩበት ቀን ቀን አይመስለኝም" ብዬ አንብቤያለሁ። ታማር አለቀሰች። ሴቶቹ እስካሁን ይቀኑብኛል። ወረቀትህ ላይ ግን እዚያ ቦታ ፊርማህ ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ የጨመርኩት ለከተማው ብዬ ነው፤ ይህን ግን ለራሴ ነው።

እግዚአብሔር በጤና ጠብቆ ለቤትህ ያብቃህ። ስትመልስልኝ ለእኔ አንድ መስመር ጻፍ፤ ሰው ፊት ሳልጨምር ላንብበው።

ባለቤትህ መሂታቤል