የሙስዬ ያልተነኩ ዘፈኖች

ሰኞ፣ ሰኔ 1 ቀን 2001

ጉድ ሠራሁ። የአሠሪዬን የሙስዬን ዘፈኖች ነካሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲዲዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ከረምኩ። የጅቡቲ ወበቅ ሳያሻግታቸው ቅጂ ይቀመጥላቸው ብሎ ነው ያዘዘኝ። "የሺ፣ ከድምፁ ቅንጣት እንዳይጎድል፣ ቅንጣት እንዳይጨመር!" ይላል ጠዋት ጠዋት። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ሲዲዎቹን አጥባ በረንዳ ላይ ለፀሐይ አሰጣቻቸው። ተጣመሙ። በማግስቱ እሷም ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ግን ምን ላድርግ? ኮምፒውተሩ ሲያጫውት የእሱ የፒያኖ ሙዚቃ ሹክሹክታ ነው። ቀጥሎ የሚስቱ የማዳም የጭፈራ ዘፈን ሲመጣ ቤቱ ይናጋል፣ ልጃቸው ሊዮ በርግጎ ይነሳል። ማስተኛት ደግሞ የእኔ ሥራ! ዛሬ ፕሮግራሙ ላይ "ድምፅ እኩል አድርግ" የሚል ቁልፍ በፈረንሳይኛ አየሁና ተጫንኩት። ሊዮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛ። ተደስቼ ሳላበቃ ኮምፒውተሩ ጻፈብኝ፦ "ሁሉም ፋይሎች ተለውጠዋል።"



ማክሰኞ

ሙስዬ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ የፒያኖ ሙዚቃውን ከፈተ። እኔ ጓዳ ሆኜ እግዜር ያውጣኝ እላለሁ። ዓይኑን ጨፈነ። "ይሄ ነው ንጹህ ቅጂ! ከሲዲው ይበልጣል!" አንድ ሰሃን ሰበርኩ። ትንሹን።

ሐሙስ

አሁንም ያመሰግነኛል። ለጓደኛው ሳይቀር ደውሎ ነገረው።

አርብ

እረፍቴ ነው። ቡላኦስ ሰፈር፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ብርሃኑ ጋ ሄድኩ። የደሴ ልጅ ነው። ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ድምፁ አልተነካም እኮ እህቴ። 'ይሄን ከፍ፣ ያንን ዝቅ አድርገህ አጫውት' የሚል ምልክት ነው የለጠፍሽበት። ስታነሺው እንደነበረ ነው።"

"ታዲያ ለምን ጠራለት?"

"ከፍ ሲል የጠራ ይመስላላ! እኔስ ሬዲዮ ስሸጥ ምን የማደርግ መሰለሽ?"

ቅዳሜ

ጠዋት ምልክቱን በሙሉ አነሳሁ። ተገላገልኩ አልኩ። ከሰዓት ሙስዬ የፒያኖ ሙዚቃውን ከፍቶ ወዲያው አጠፋው። "ይሄ ሞቷል! ማነው የነካው?"

በቃኝ። እያለቀስኩ ሁሉንም ተናዘዝኩ። "የወደዱት የነካሁትን ነው። ያልተነካው ይሄ የጠሉት ነው" አልኩት።

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ወጣ። እኔም ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ሳብኩ። ሁለተኛ ቀሚሴን ሳጣጥፍ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

"የሺ፣ መልሺው።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ለማዳም እንዳትነግሪ።"

እሁድ

መለስኩት። ከሰዓት እንግዶች መጡ፣ ሙስዬ ስለ ንጹህ ድምፅ ሰበከ። "የሰው እጅ አልነካውም! የሺን ጠይቋት!" ሁሉም ዞረው አዩኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ብርሃኑ ያለው እውነት ከሆነ አልዋሸሁም።

ጓዳ ገብቼ በረዶ ሳወጣ ማዳም ተከትላኝ መጣች።

"የእኔን ጭፈራ ግን ለምን ዝቅ አደረግሽው?"

ደነገጥኩ። "ሊዮ እንዲተኛ ብዬ ነው።"

"እንዲያ ከሆነ አንቺም አልነካሽም፣ እኔም አልሰማሁም" አለችና በረዶውን ከእጄ ወስዳ ወጣች።