ስለ መርጫው ለጠየቅሽኝ

ለማልረሳሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ያ ደረጃ የበዛበት ቤትስ አሁንም አላሰለቸሽም? የእህትሽ ልጅ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ሰፋብኝ እንጂ ሌላ የጎደለኝ የለም። መጽሐፍ አነባለሁ፣ መስኮት እወለውላለሁ፣ ይመሻል። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ።

የእህትሽ ልጅ የመኪና ማጽጃ ቤት ልትከፍት መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። በአየር ከሚሠሩት መርጫዎች የቱን ትግዛ ብለሽ ጠይቀሽኛል። መጀመሪያ ኮምፕሬሰሩን ትመልከት። ብዙ ሰው መርጫውን ወዶ ይገዛና ኮምፕሬሰሩ አየር አያደርስለትም፤ ጥቂት ነፍቶ ማቃሰት ይጀምራል። መርጫው በደቂቃ ስንት አየር እንደሚፈልግ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ኮምፕሬሰሩ ከዚያ አትርፎ የሚሰጥ ይሁን። ለወንበርና ለምንጣፍ የሚሆነው፣ የሳሙና ዕቃ ከሥሩ ያለውና አፉ ውስጥ ቀጭን ቱቦ የሚሽከረከርበት ነው። ያ ቱቦ ያልቃል። መለዋወጫው ለብቻው የማይሸጥ ከሆነ ምንም ቢያምራት ትተወው። ደግሞ ውሃ ሞልታ ይዛ ትሞክረው፤ ሱቅ ውስጥ ባዶውን የቀለለ ሁሉ ከምሳ በኋላ ክንድ ይቆርጣል።

ጭረት የምትቀባበት ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ የአየር ጎማ ቱቦ እንዳታሠራቸው። የቀለሙ ዕቃ ከላይ የሆነውን ትምረጥ፣ ለትንሽ ሥራ ትንሽ ቀለም ይበቃዋል። ከኮምፕሬሰሩ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በየቀኑ ታውጣው፤ እሱ ከቀለሙ ጋር ከወጣ የአንድ ቀን ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። ሥራ እንዳበቃች ሳይደርቅ ትጠበው፣ ግን መርጫውን እንዳለ ቲነር ውስጥ እንዳትነክረው፣ ላስቲኮቹ ያብጣሉ። አፉ ላይ ያለውን ክዳን ፈትታ በለስላሳ ብሩሽ ታጽዳው። ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ በእንጨት ስንጥር ትክፈታቸው እንጂ ብረት እንዳታስነካቸው።

ይህን የመጨረሻውን መስመር ጽፌ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ ብዕር ያላነሳሁት።

በደብዳቤሽ «እኔን ግን ከመርጫው አርቂኝ፣ እጄን ታውቂዋለሽ» ብለሻል። ደግነቱ አልባሰብኝም፣ እንደ እናቴ ብርጭቆ እስከ መጣል አልደረስኩም ብለሽም ጨምረሻል። እንዲህ እያልሽ ስንት ዓመት እንደኖርሽ ቆጠርኩት። ሃያ አራት ነው።

ጋራዥ አብረን ስንሠራ የመጣውን ያንን ጥቁር መኪና አልረሳሽውም። በሩን ስትቀቢው ቀለሙ መስመር መስመር ሠራ። አጥበሽ ደገምሽው፣ ያው። ሦስተኛም ሞከርሽ፣ ያው። ያለን አንድ መርጫ ብቻ ስለነበር በሌላ አልተሞከረም፣ አለቃችንም መርጫውን አልጠረጠረም፤ እናትሽን ስለሚያውቃት በሰው ፊት እጅሽ ይንቀጠቀጣል አለሽ። ከዚያ በኋላ መኪና ወልዋዮቹ ሻይ ሲያቀብሉሽ «በሁለት እጅ ያዥው፣ ወለሉ ዛሬ ታጥቧል!» እያሉ ይሳለቁብሽ ነበር። ሰው ሁሉ እያየው የማይንቀጠቀጥ እጅ የታለ? በሳምንቱ ሥራሽን ተውሽ። ልታገቢው የነበረውንም ሰው፣ የኮምፕሬሰሩን ሠራተኛ፣ አስታማሚ አላደርግህም ብለሽ አሰናበትሽው።

መርጫውን ማታ ማታ የማጥበው እኔ ነበርኩ።

ከጥቁሩ መኪና በፊት በነበረው ቀን ከክዳኑ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ቀለም ደርቆበት አልለቅ አለኝ። ቀሚሴ አንገት ላይ ሰክቼው የነበረውን የልብስ መርፌ አወጣሁና እስኪያልፍልኝ ድረስ ጎረጎርኩት። በብልሃቴም ኮራሁ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በመርጫው ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት ለእኔ ሥዕል ብቻ ነበር። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ አለቃችን ለተተኪሽ አዲስ መርጫ ገዛላት፣ አሮጌው መደርደሪያ ላይ ተጣለ። የጠየቀ ሰው የለም።

ማንበብ የተማርኩት ከቀለም ጣሳ ላይ ነው። አንዱን ፊደል ይህን ሰው፣ ሌላውን ያንን ሰው እየጠየቅሁ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍም ያ ወረቀት ነው። «ቀዳዳዎቹን በመርፌ ወይም በሽቦ አትጎርጉሩ» ይላል። ሦስቴ አነበብኩት፣ ገና ለማጅ ስለሆንኩ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ። ከዚያ ከመደርደሪያው አውርጄ ክዳኑን ወደ ብርሃን አነሳሁት። አንደኛዋ ቀዳዳ ከጓደኛዋ ሰፍታለች።

ሠርጌ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ከማን ጋር እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ መልካም ምኞትሽን ጽፈሽ ልከሽልናል።

እሱን ጠየቅሁት። ኮምፕሬሰሩ ሥር ተንበርክኮ ውሃ እያወጣ ነበር። ቀዳዳው በመርፌ ቢነካ ምን ይሆናል አልኩት። ቀና ሳይል፣ ቀለሙ በአንድ ጎን ይወፍራል፣ በሌላው ይሳሳል፣ በር ላይ መስመር ይሠራል አለኝ። ውሃው አልቆ አየሩ ብቻ ሲፏጭ እንኳ አልዘጋውም።

«ለምን ጠየቅሽኝ?» አለ በኋላ።

«ወረቀቱ ላይ አይቼ።»

«ማንበብ ቻልሽ ማለት ነው» አለኝ።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን መርጫ አላሳጠበኝም፤ ደክሞትም፣ ታሞም ራሱ ያጥብ ነበር። ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ያንቺን ነገር ግን አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

ጓደኛዬ፣ እጅሽ ጤነኛ ነው። ያኔም ጤነኛ ነበር። የኔን ቃል ማመን ቢከብድሽ አይፈረድብሽም፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂና ይየው። ይቅር በይኝ ብዬ ጽፌ ነበር፣ መልሼ ሰረዝኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ሃያ ሁለት ዓመት አፍኖ የኖረ ሰው በአንድ መስመር አይጠይቅም። ፖስተኛው ይህን በር የሚያንኳኳው ያንቺን ደብዳቤ ሊሰጠኝ ብቻ ነው። ከእንግዲህ ባያንኳኳም ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

የእህትሽ ልጅ ሥራዋ ይቃናላት፣ ደንበኛ ይብዛላት። አንቺን ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ከኔ የተረፈውን ዘመንሽን ያሳምርልሽ። የመጀመሪያውን መኪና አንቺ ቀቢላት።

እስከ ዛሬ «እህትሽ» እያልኩ ነበር የምፈርመው።

መርጫ ታጥብልሽ የነበረችው