ለማይወድቁትም የሚሆን ስም

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ጎረቤታችን ዶክተር ሰላማዊት ለቅሶ ሊደርሱን መጡ። የአንጎል ሕመሞች በየሆስፒታሉና በየጥናቱ አንድ ዓይነት የአማርኛ ስም እንዲኖራቸው ይሠራሉ። ደረቅ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜ ናቲ ጉርድ ሾላ አስፋልት መሀል ፍዝዝ ብሎ እንደቆመ ነው በመኪና የተገጨው። ቤትም ማንኪያውን እንደያዘ ለአፍታ እንዲሁ ይሆን ነበር።

"የሚጥል በሽታ ሲባል እንሰማለን" አለች ማሚ። "ልጄ ግን አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም። ምኑን ላሳክመው?"

ዶክተሯ አላቋረጧትም። የተማረ ሰው እንዲህ ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተስ ምን ትለው ነበር?"

"ኔትወርክ ጠፋብህ እለዋለሁ። እሱም ይስቃል።"

እሳቸውም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ። "ያ መፍዘዝም ያው በሽታ ነው፤ ስሙ የማይወድቁትንም መያዝ አለበት። ስሙን የምንመርጠው ሐኪሞች ቅዳሜ ስንሰበሰብ መጥተህ ይህንኑ ንገረን" አሉኝ።

በዚያ ሁሉ ዶክተር ፊት? ድምፄ የሚወጣም አይመስለኝም። ወደ ማሚ ዞርኩ።

"ሂድ እንጂ" አለች ማሚ። "ናቲ እንደሚባል ንገራቸው።"

ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ስትጠራ የሰማኋት ዛሬ ነው።