በዝዋይ የመብራት ግንብ ምዕራባዊ ጥግ አንድ ጉድጓድ ይቆፈርልኝ ዘንድ

ጥር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለሐይቅ ዳር ቅርሶች እድሳት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለጓድ ኃላፊ
ናዝሬት

ጉዳዩ፦ የመብራት ግንቡ እድሳት ከመጀመሩ በፊት ተጨማሪ የሙከራ ቁፋሮ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

አመልካች በዝዋይ ሐይቅ ዳር ለታንኳዎች ምልክት የሚሆነውን የመብራት ግንብ ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቅሁ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስድስት የደረሰ ጡረተኛ ነኝ።

1ኛ/ ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር የቅርስ ጥናት ባለሙያዋ ጓድ ኢፍቱ ሰንበታ ከእድሳቱ አስቀድመው መሬቱን ሊፈትሹ መጥተው ነበር። አፈሩን በወንፊት እየነፉ፣ የሸክላ ስባሪ ሳይቀር እየመዘገቡ ሲሠሩ አይቻለሁና በሥራቸው ነቀፋ የለኝም። «አባባ፣ ከዚህ ሥር የሚያውቁት መቃብር አለ?» ብለው ቢጠይቁኝ «የለም» አልሁ፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ ፈረምሁ። ስለዚህ አራቱም ጉድጓዶች በሐይቁ በኩል ተቆፈሩ፤ ምንም አልተገኘም።

2ኛ/ ቃሌ ሐሰት ነበር። ልጄ ካሣ በ1951 ዓ.ም. ነፋስ የገለበጣቸውን ታንኳዎች ሊረዳ ወጥቶ ሰጠመ። እኔ መብራቱን ትቼ አልወርድም ብዬ ከግንቡ አልተንቀሳቀስሁም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሬሳውን ከደንገሉ ውስጥ አገኘሁት። እናት ልታየው የሚገባ አልነበረም። በግንቡ ምዕራባዊ ጥግ፣ ከደረጃው ሦስት ክንድ ርቄ፣ ያለ ፍትሐት ብቻዬን ቀበርሁት። ባለቤቴን ወለተሥላሴን ውሃው አልመለሰውም አልኋት። እስከ ዕለተ ሞቷ ዓሣ አልቀመሰችም። ባለሙያዋ ስለ መቃብር በጠየቁኝ ጊዜም እሷ ለቆፋሪዎቹ ውሃ ይዛ በአጠገቤ ቆማ ነበር።

3ኛ/ ወለተሥላሴ ጥቅምት 6 ቀን አረፈች። ከእንግዲህ የምዋሽለት ሰው የለኝም። አርባዋን አውጥቼ ሁለት ጊዜ ባመለክት፣ ጥናቱ መዘጋቱና በቃለ ጉባኤው ላይ የፈረምሁት እኔው ራሴ መሆኔ ተገልጾልኛል። መልሱ ትክክል ነው።

የመሠረቱ ቁፋሮ ሰኞ ጥር 23 ቀን በመኪና እንደሚጀመር ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት በተጠቀሰው ጥግ አንድ ጉድጓድ በእጅ እንዲቆፈርልኝና አፅሙ ፍትሐት ተደርጎለት ከእናቱ ጎን እንዲያርፍ በትሕትና እለምናለሁ። እንደማይፈቀድ አላጣሁትም። ካልተፈቀደም ለመኪናው ነጂ ብቻ ይነገርልኝ፦ በደረቱ ላይ የመብራቱን የናስ ክዳን አኑሬለታለሁ። ናሱ እስከ ዛሬ አረንጓዴ ዝገት ሳይይዘው አይቀርም። ከአፈሩ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ቢያይ ለአንድ አፍታ ይቁም። እኔ ከማለዳ ጀምሮ በደረጃው አጠገብ እገኛለሁ።

ከዚህ በታች ያኖርሁት ፊርማ በቃለ ጉባኤው ላይ ያለው ያው ፊርማ ነው። ሌላ የለኝም።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

አምባዬ ወልደአማኑኤል
(ፊርማ)
ዝዋይ